ኢንተርኔት እስኪገባ አንጠብቅ
በካኩማ ለኮምፒዩተር ተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ መጠበቅን ለምደናል። «ድረ ገጽ መሥራት የምንማረው ኢንተርኔት ሲገባ፣ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት ሲመጣ ነው» ስትሉም እሰማለሁ።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኤችቲኤምኤል የሚጻፈው በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ባለው ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ፋይሉን በብራውዘር ስትከፍቱት ያለ ኢንተርኔት ይታያል። ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ከላይ ካመለከታችሁ አማርኛው በትክክል ይነበባል።

ስለሆነም አራት አምስት ሆናችሁ በአንድ ኮምፒዩተር ሥሩ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። የራሽን ቀንን ወይም የክሊኒክ ሰዓትን የሚያሳይ አንድ ገጽ አዘጋጁ። አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ስሕተቱን ይፈልግ፤ በማግሥቱ ተለዋወጡ። ለእናቶቻችሁ አሳዩአቸው፤ «አልገባንም» ካሉ ደግማችሁ ሥሩት። ትምህርቱ ይኸው ነው። ነገ ቀጣሪ «ምን ሠርታችኋል?» ቢላችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ወላጆች ሆይ፤ ሴቶች ልጆቻችን ከውኃ ሰልፍ ሲመለሱ ክፍሉ ተዘግቶ ያገኙታል። በቀን አንዲት ሰዓት ልቀቁልን።