የድረ ገጽን ሥራ በሦስት ወገን ስለ መክፈል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምናነሣው ነገር ስሙ የባዕድ ነው፤ ሞዴል፥ ቪው፥ ፕሬዘንተር ይባላል። ጉዳዩ ግን በየመመረቂያ ሥራችን ውስጥ ያለ ነው።

አንድ የኮርስ መመዝገቢያ ገጽ እንውሰድ። ተማሪው «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፥ ቀዳሚውን ኮርስ ማለፉንና ክሬዲቱ ከተፈቀደው አለመብለጡን የሚያጣራው ደንብ የት ተጽፎ ይገኛል? ብዙዎቻችን እዚያው ከቁልፉ ሥር እንጽፈዋለን። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤኤስፒ ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ ይህን መንገድ እጅግ አቅልሎታል፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቢነኩት ኮዱ የሚጻፍበት ቦታ ራሱ ይከፈታል። ቀላልነቱ ግን ዕዳ አለበት። ደንቡን ለመፈተን ሰርቨር ማስነሣት፥ ገጹን መክፈት፥ ቁልፉን መጫን ግድ ይሆናል። የገጹን መልክ የሚያሳምረው ጓደኛችንም ሳያውቀው ደንቡን ሊያፋልሰው ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ኮዱን የጻፈው ሳይሆን ሳይመዘገብ የሚቀረው ተማሪ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዜሮክስ የምርምር ጣቢያ ካሰቡት ክፍፍል ተነሥተው፥ የታሊጀንቱ ማይክ ፖቴል በ1996 በጽሑፍ ገልጸውታል። ሞዴል መረጃውንና ደንቡን ይይዛል፤ ቪው ያሳያል፥ የተጫነውንም ያስታውቃል፤ ፕሬዘንተር በመካከል ሆኖ ያገናኛቸዋል።

ማርቲን ፋውለር በ2006 ዘዴውን በሁለት ከፍለውታል። በአንደኛው ቪው ቀላል ቀላሉን ከሞዴል ራሱ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ግን የታዘዘውን ከማሳየት በቀር ምንም አያስብም። እኛ ለተማሪ ሥራ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ፕሬዘንተር ቪውን የሚያውቀው በኢንተርፌስ ማለት በውል ብቻ ስለሆነ፥ በእውነተኛው ገጽ ፈንታ የውሸት ቪው ብናቆምለት አይለይም። ስለዚህ ሰርቨር ሳይነሣ ደንቡ በአፍታ ይፈተናል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። በሰርቨር ላይ በሚሠሩት በብዙዎቹ ማዕቀፎች ፕሬዘንተሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተፈጥሮ መልሱ ሲሰጥ ይጠፋል። የተማሪውን ምርጫ በእርሱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በሚቀጥለው ጥያቄ አያገኘውም፤ ቦታው ሴሽን ወይም የመረጃ ቋት ነው። በጉግል ዌብ ቱልኪት ግን ፕሬዘንተሩ የሚኖረው በብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ ጠባዩ ሌላ ነው።

«ፋይል ያበዛል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፤ ማስታወቂያ ብቻ ለሚያሳይ ገጽ እኛም አንመክረውም። የክሬዲትና የውጤት ሒሳብ ላለበት ገጽ ግን ድካሙን አንቆጥረውም። በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዱ የፕሮጀክት ቡድን ከሥራው አንዱን ገጽ መርጦ፥ ደንቡን ከቁልፉ ሥር አውጥቶ እንዲያሳየን እንጠይቃለን።