ቀን የከፋበት ሰው በላስታ
ቀን የከፋበት ሰው በላስታ ወዴት ይሄዳል? አንዱ ደጅ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ቄስም የነበረው የዛጉዌ ንጉሥ ያሠራው። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ቆሟል። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ የነጣ ድንጋይ ነው።

ሌላው መጽናኛ ጽዋ ማኅበር ነው። በየወሩ፣ ማኅበሩ በስሙ በተሰየመበት ቅዱስ ዕለት፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያሰናዳል፤ ካህኑ ይባርካል። የቀረ ሰው ካለ "ምን ሆኖ ይሆን?" ተብሎ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። እኔን ሁልጊዜ ልቤን የሚነካው ይኼ ነው፦ የከፋው ሰው አፉን ሳይከፍት መቅረቱ ራሱ ይናገርለታል። መሸት ሲል የማኅበሩ ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም በነጠላ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።