ልጆቻችን ለምን ጭቃ ይዘው ይመጣሉ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ለመሟገት ነው። ሰሞኑን ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከኦ ክፍል አስቀርተዋል። «ፊደል ይቆጥራሉ ብለን ብንልካቸው በጭቃ ተለውሰው ይመጣሉ» ነው ቅሬታቸው። አልተቀየምኩም። ልብሱን የሚያጥበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በበየዳ ብርድ ውሃው እንዴት እጅ እንደሚቆርጥም አውቃለሁ። ግን ጭቃው ከየት እንደመጣ ስሙኝ።

በክፍላችን ግድግዳ ላይ «ቤት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ተሰቅሏል። ቤቱ አራት ማዕዘን ነው፤ ጣሪያው ቀይ፣ ከአናቱ የጭስ መውጫ ያለው። አንድ ቀን ቤታችሁን ሣሉ ብላቸው ሁሉም ያንኑ ሣሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ክብ ሣለችና በእጇ ሸፈነችው። ጠጋ ብዬ ስጠይቃት «የእኛ ጎጆ ነው፤ ቤት አይደለም» አለችኝ። ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሥዕሉን የሰቀልኩት እኔው ነኝና።

በማግስቱ ይዣቸው ወጣሁና አንድ ጎጆ አስፈቅደን ገባን። ምሰሶውን አቀፉት፣ ማገሩን ቆጠሩት። ለምን ክብ ሆነ ብላቸው አንዱ «ነፋሱ ዞሮ እንዲሄድ» አለ። እውነቱን ነው፤ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ሰፊ ግድግዳ የለውም። እኔም አንድ ገመድ መጀመሪያ በክብ፣ ቀጥሎ በአራት ማዕዘን መሬት ላይ ዘረጋሁላቸው። በክቡ ውስጥ የቆሙት ልጆች በለጡ። በእኩል ግድግዳ ሰፋ ያለ ቤት ማለት ነው። ክዳኑ የሾለው ዝናቡና በረዶው እንዲንሸራተት ነው። ጭሱ ዓይናችንንና ሳንባችንን ይጎዳል፤ ይህን አልደብቅም። ሣሩን ግን ከተባይ ይጠብቀዋል። ቆርቆሮ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም፤ እሳት እንደ ሣር አይበላውም፣ ቶሎ ቶሎ ክደኑኝ አይልም። ሌሊት ግን ይበርዳል፤ ዝናብ ሲመጣም እኔ የማስተምረው አይሰማም። ልጆቹ ሁለቱንም ይመዝኑ ነው የምለው።

ከዚያ «ቤት የሚሠራው ማነው?» አልኳቸው። በአንድ ድምፅ «አባባ!» አሉ። ጭቃውን የሚያቦካው፣ ውሃውን የሚቀዳው፣ ግድግዳውን የሚለስነው፣ ለደቦው ጠላ የሚጠምቀው ማነው? ሴቶቹ ልጆች እንኳ «አባባ» ነው ያሉት።

ያን ጊዜ ነው ከመካከላችን አንዷን እናት የለመንኩት። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጠው እየሳቁ ነው። መጥተው ከልጆቹ ጋር ትንሽ ጎታ ጀመሩ። ጎታ ሕንፃ አይደለም የምትል ካለች ትነሣ! ከሥሩ ድንጋይ ይደረደራል፤ እርጥበት እንዳይወጣበት፣ አይጥም እንዳይደፍረው። ከዚያ ጭቃው ከጭድና ከእበት ጋር ይቦካና አንድ ዙር ይቆማል፤ እሱ ሳይጠነክር ሌላ አይደረብበትም። አንዱ ልጅ ቸኩሎ ደረበና የእሱ ወገን ተንበረከከ። እማማ አልተቆጡትም፤ «አየኸው?» ብቻ አሉት። ሁለት ጡብም ሠራን፤ አንዱን በጭድ፣ አንዱን ያለ ጭድ። ሲደርቅ ያለ ጭድ የተሠራው ተሰነጣጠቀ። ጭድ ለምን እንደሚገባ ከእንግዲህ የሚነግራቸው አያሻቸውም።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት ለልጆቹ የሰጣቸው የሚደራረቡ የእንጨት ቁርጥራጮችን ነበር። እኛ እንጨቱ ባይኖረን ድንጋይ ሞልቶናል። ድንጋይ በድንጋይ ልክ ላይ ሲቆም ይፈርሳል፤ አንዱ ሁለቱን ረግጦ ሲቀመጥ ይጸናል። የፋሲል ግንብ ከዚህ የሚለየው በኖራ መያያዙና በቁመቱ ነው ብላቸው ጎንደርን ለማየት ሊነሡ ደረሱ። ላሊበላ ግን አስቸገራቸው። ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ ምንም ሳይጨመር እየተቀነሰ እንዴት ቤት ይሆናል? አንዷ ልጅ ድንች በማንኪያ ፈልፍላ አመጣችና ነገሩ ተፈታ። ጎረቤታችን ጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ደጃዝማች ውቤ አሠርቷት በ1847 ዓ.ም ቴዎድሮስ የነገሠባት ናት። አንዱ ልጅ የጠየቀኝ ስለ ንጉሡ ሳይሆን «ድንጋዩን ማን ተሸከመው?» ብሎ ነው።

ፊደሉስ ላላችሁኝ፤ «ም»ን ከምሰሶ፣ «ማ»ን ከማገር፣ «ጉ»ን ከጉልላት ለይተዋል። ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል አጠገብም አሁን ጎጆ ተሥሏል፤ ከሥሩ «ቤት» ይላል።

ስለ ልብሱ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ስለዚህ አሮጌ ነጠላ ያላችሁ አምጡልኝ፤ ቆርጠን ሽርጥ እንሰፋላቸዋለን። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ለእጅ መታጠቢያ አንድ ማሰሮ ውሃ የምታሞቅ አንዲት ሰው ብትመደብልን።

ክቡን ቤት የሸፈነችው ልጅ ከቀሩት ከሁለቱ አንዷ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች አልናገርም። ጎታው ሁለተኛው ዙር ላይ ደርሶ ቆሟል፤ የእጇ አሻራ እንዳለ ደርቆበታል። ልጆቹ «እሷ ሳትመጣ ሦስተኛውን አንጀምርም» ብለው እየጠበቋት ነው።