ስለ ሞተር ቢስክሌት ትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ



ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100፣ በነቀምት ከፍታ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በውሃ የሚበርድ ሞተር ያለው ሰው በአገራችን ይልቁን ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሞተሩ ሲግል ውሃው ይሰፋና በራዲያተሩ ክዳን በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፤ ሲበርድም ተመልሶ ይሳባል። ታላቅ ወንድሜ መንገድ ላይ ወድቆ ማጠራቀሚያው ቢሰበርበት፣ አዲሱን በሌላ ቦታ አሰረው። ነገር ግን የቱቦው ጫፍ ከውሃው በላይ ስለ ቀረ ራዲያተሩ በውሃ ፈንታ አየር ሳበ። ከዲዴሳ ሸለቆ ወደ ዲጋ ሲወጣ ሞተሩ ፈላ፤ ክዳኑን በትኩሱ ቢከፍተው እጁ ተቃጠለ።

እንግዲህ ማጠራቀሚያው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ቱቦው እስከ ታች ይድረስ፤ የአየር መውጫው አይደፈን፤ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑ አይነካ። ትንሹን ዕቃ የናቀ ትልቁን ያጣልና።