መልኩን ያላየነው ተዋናይ፦ ወጋየሁ ንጋቱና የሬዲዮ መድረክ



ስለ ወጋየሁ ንጋቱ እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ብሔራዊ ቴአትር ሳይሆን ፍላቂት ነው። በመቄት ደጋ፣ በወልድያና በወረታ መካከል የምትገኘው ይህች ከተማ በልጅነቴ ቴአትር ቤትም ሲኒማ ቤትም አልነበራትም። አባቴ ግን ሬዲዮ ነበረው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ለዘፈን አይከፍተውም፤ ለ«ከመጻሕፍት ዓለም» ይቆጥበዋል።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተረክ ያመሸ እንደሆነ፣ በማግስቱ ላመለጣቸው ጎረቤቶች ፊታውራሪ መሸሻን በወፍራም፣ ሰብለ ወንጌልን በቀጭን ድምፅ እያስመሰለ ይተርክላቸው ነበር። ለጉዱ ካሣ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ያስተማረው አንድም ቀን መልኩን ያላየው ተዋናይ ነው።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ጀምሮ፣ በሀንጋሪ የቴአትር ትምህርት ቀስሞ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ስሙን ተከለ። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባውም፣ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ፊልም የታየውም በ1957 ዓ.ም. ነው። የሙያ ጓዱ ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» የአሜሪካ ፊልም ላይ እስከ መተወን ደርሷል። ይሁን እንጂ ፊልሙም ቴሌቪዥኑም ለረጅም ጊዜ ከከተማ አልራቁም። ደጋውን የወጣው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

በዚህ ረገድ የአሜሪካዊውን የዊልያም ኮንራድን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። ኮንራድ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ገንስሞክ» በተባለው የሬዲዮ ድራማ የሕግ አስከባሪውን ማት ዲሎንን በድምፁ ፈጠረው። ድራማው በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ግን ገጸ ባሕርይው ለጄምስ አርነስ ተሰጠ። በዚያ አገር ምስሉ መጥቶ ድምፁን ተካው። በእኛ ዘንድ ግን ለፍላቂት አድማጭ ወጋየሁን የሚተካ ምስል አልመጣም፤ ስለዚህም ድምፁ ብቻውን ሙሉ ተዋናይ ሆነ።

አንድ ችግር ግን አልሸሽጋችሁም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ተማሪ ሆኜ ስገልጥ፣ በገዛ ዓይኔ ማንበብ ተሳነኝ። የደራሲው ዓረፍተ ነገር የት አልቆ የተራኪው ትንፋሽ የት እንደሚጀምር መለየት አልቻልኩም። ብዙ ዓመት ይህን እንደ ጉዳት ቆጠርኩት፤ ተማሪዎቼንም «አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ አድምጡ» እላለሁ። ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን አሁን የሚገባኝ ሌላ ነገር አለ፤ ወጋየሁ መጽሐፉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ተርጉሞታል። የት ቆም እንደሚል፣ ለማን እንደሚያዝን፣ በማን ላይ እንደሚያፌዝ ሲወስን፣ እኛ በድርሳናችን የምንሠራውን የሒስ ሥራ በጉሮሮው ሠርቶታል። ስለዚህ ትረካው እንደ ሥነ ጽሑፍ ሒስ ሊጠና ይገባዋል።

የመድረክ ትወናው ካዩት ሰዎች ትዝታ ጋር እየመነመነ ነው። ትረካው የተረፈልን ቴፕ ላይ ስለ ተቀዳ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያረጁ ካሴቶች ካሉ አትጣሏቸው። ተማሪዎቼም ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ሬዲዮ ከብበው ያደመጡትን አረጋውያን ጠይቁ፤ ምን እንደ ሰሙ ብቻ ሳይሆን በማግስቱ እንዴት እንደ ተረኩት ጭምር ቅዱ።

የወጋየሁ ድምፅ ዛሬም አለ። ጉዱ ካሣ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይል የነበረውን የአባቴን ድምፅ ግን የቀዳው የለም፤ እኔም በሕይወት ሳለ አልቀዳሁትም።