ፎቶግራፍ አንሺው ከፎቶግራፉ ውጭ እንዳይቀር
(በሬዲዮ የተነገረ)



በየቤታችሁ ያለውን የፎቶግራፍ አልበም፥ ወይም በየስልካችሁ የተከማቸውን ሥዕል አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ተመልከቱ። በሠርጉም ሆነ በክርስትናው፥ በንግሡም ሆነ በዓመት በዓሉ፥ ከቤተ ሰቡ መካከል ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጐድላል። የጐደለውም ከበዓሉ የቀረ ሰው አይደለም፤ ካሜራውን ይዞ ፊት ለፊት የቆመው ነው። ለሌላው ሁሉ መታሰቢያ ሲያበጅ ለራሱ ሳያበጅ ይቀራል።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ይምርሐነ ክርስቶስን ለመሳለም ስእለት ስለ ነበረባቸው፥ እኔ ይዣቸው ወደ ላስታ ወጣሁ። በዋሻው ደጃፍ ተቀምጠው ሲያርፉ፥ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲሳለሙ፥ ከካህናቱ ጋራ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ አነሣኋቸው። አዲስ አበባ ተመልሼ ስመለከተው ግን፥ በዋሻው ውስጥ የተነሣው ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። በውጭ የተነሣው ምንም መልካም ቢሆን፥ እናቴና እኔ አብረን የታየንበት ሥዕል አንድ እንኳ አልተገኘም። እናቴ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ከዚህ ችግር የሚያድኑ ሁለት ነገሮች በላዩ ነበሩ፤ እኔ ግን ምን እንደ ሆኑ ሳልጠይቅ ይዤው ዞርሁ። አንደኛው ሴልፍ ታይመር የሚባለው፥ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቈጥሮ በራሱ የሚያነሣው ነው። ሁለተኛው በርስት የሚባለው፥ ጣት ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ ሥዕል በሥዕል ላይ የሚያስከትለው ነው። እናንተ እንደኔ እንዳትጸጸቱ ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ጥቂት ልንገራችሁ።

አስቀድሞ ስፍራውን እናስታውስ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በተራራ ላይ በሚገኝ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠራውም ከቅዱስ ላሊበላ በፊት እንደ ነገሠ የሚነገርለት፥ ንግሥናን ከክህነት ጋራ አስተባብሮ የያዘው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ፥ ይህኛው ግን በአክሱም ዘመን የአሠራር ሥርዓት የእንጨት ሠረገላና በነጭ ምርጊት የተለበጠ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተገነባ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ. ኤ. አ. በአገራችን የቈየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፉ ጽፏል። እርሱ የነበረው ብዕርና ትዕግሥት ብቻ ነበር፤ እኛ ግን የረቀቀ መሣሪያ ይዘን ገብተን ባዶ እጃችንን የምንወጣ ብዙዎች ነን።

ምክንያቱም ብርሃኑ ነው። ከውጭ የላስታ ፀሓይ ታቃጥላለች፤ ከዋሻው ውስጥ ግን ያለው ድንግዝግዝ ነው። የሰው ዐይን ጥቂት ቈይቶ ይህን ይለምደዋል። ካሜራው ግን ብርሃን ሲያንሰው ከሚያደርገው አንዱ መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ መጠበቅ ነው። በፀሓይ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ የበቃው ካሜራ፥ በዋሻው ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደግሞ የማንኛውም ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁልፉን የሚጫነው ጣት ራሱ ካሜራውን ወደ ታች ይገፋዋል። እኔ ጉም የመሰለኝ ይኸው የገዛ እጄ መንቀጥቀጥ ነበር።

«ታዲያ ፍላሽ ለምን አይበራም?» የሚል ይኖራል። በመጀመሪያ፥ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ማብራት በብዙ ስፍራ አይፈቀድም። ሁለተኛም ቢፈቀድ እንኳ አይጠቅምም፤ የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳልና። ስለዚህ በቅርብ የቆመውን ሰው ፊት አንጥቶ፥ ከበስተ ኋላ ያለውን የሕንጻውን ጌጥ በጨለማ ይተወዋል።

መፍትሔው እጅን ከካሜራው ላይ ማንሣት ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካልተገኘ ወይም ካልተፈቀደ፥ ከቤታችሁ ስትነሡ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አንድ ኪሎ ያህል ሽንብራ ቋጥራችሁ ያዙ። ከረጢቱን በድንጋይ ወይም በመቀመጫ ላይ አኑራችሁ ካሜራውን በላዩ ብታስቀምጡት፥ ሽንብራው እየተንሸራተተ ቅርጹን ተቀብሎ አጥብቆ ይይዘዋል። ጋቢ አጣጥፎ ማስቀመጥም ይረዳል። ከዚያ በኋላ የሰዓት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጋችሁ በብዙ ካሜራዎች ላይ ከሚገኘው የሁለት ሰከንድ ቈጠራ ላይ አድርጉት፤ በስልክ የሆነ እንደ ሆነ ሦስት ሰከንድ የሚለውን ምረጡ። ቁልፉን ነክታችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ንቅናቄው እስኪበርድ ድረስ ካሜራው ይጠብቃል፤ ከዚያም ያለ ማንም ንክኪ ያነሣል። የእንጨቱና የነጩ ግንብ መስመር አንድ በአንድ ተለይቶ ሲታይ ያን ጊዜ ትደነቃላችሁ።

ከቤተ ሰባችሁ ጋራ አብራችሁ ለመነሣት ስትሹ ግን ሁለት ሰከንድ አይበቃም። የዐሥር ሰከንዱን ምረጡ። በብዙ ካሜራዎች ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ትቈጥርላችኋለች፤ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ትፈጥናለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ርቀቱን የሚለኩት ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት ነው እንጂ ቈጠራው ሲፈጸም አይደለም። ስለዚህ ሰዎቹ በየቦታቸው ሳይቆሙ ወይም እናንተ ራሳችሁ በሌንሱ ፊት ተደቅናችሁ ቁልፉን ከነካችሁ፥ የኋላው ግድግዳ ጠርቶ የሰዎቹ ፊት ይደበዝዛል። መጀመሪያ ሰዎቹን አቁሙ፤ ለራሳችሁም ቦታ ተዉ፤ ከካሜራው በስተ ኋላ ሆናችሁ ንኩ፤ ከዚያም ሳትጣደፉ ሂዱ። ዐሥር ሰከንድ ከሚመስላችሁ ይረዝማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ተከታታይ ሥዕል የማንሣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1878 እ. ኤ. አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎችን በረድፍ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ፤ አራቱም እግሮች ባንድ ጊዜ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩንም አሳየ። በ1975 እ. ኤ. አ. የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዲት ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው ካሜራ በአንድ ሰከንድ ብዙ ሥዕል ያነሣል።

ይህም በላስታ የት እንደሚጠቅም በልደት በዓል በላሊበላ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር ካህናቱና ዲያቆናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው፥ ከበሮው ሲመታ ባንድነት ይወዛወዛሉ። በዚህ መካከል አንዲቱን ቅጽበት በአንድ ንክኪ እይዛለሁ ማለት የወፍ ጥላ እንደ መያዝ ነው። የተደራረቡ አራት ማዕዘኖች ምልክት ያለበትን ምረጡና፥ ንቅናቄው ወደ ዳር ሊደርስ ሲል ተጭናችሁ ጥቂት ቈዩ። ሰውነት ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት ያህል ይቆማልና፥ ከተከታታዮቹ አንዷ በዚያች ላይ ትወድቃለች።

በርስት በጨለማ ስፍራም የካሜራ ማስቀመጫ ላጣ ሰው ይረዳል። አራት አምስት ሥዕል ባንድ ትንፋሽ ቢነሣ፥ የመጀመሪያዋ በጣት ግፊት፥ የመጨረሻዋም በጣት መልቀቅ ብትበላሽ፥ ከመካከለኞቹ አንዷ ጠርታ ልትገኝ ትችላለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለቱን ማስተባበር ነው፤ ብዙ ካሜራዎች ቈጠራው ሲፈጸም ተከታታይ ሥዕል ያነሣሉ። ዐሥር ሰው በተሰበሰበበት አንዱ ዐይኑን ሳይጨፍን የማይቀር ስለ ሆነ፥ ከአምስቱ አንዷ ሁሉም የሚያዩባት ትሆናለች።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ልክ አለው። ጣቱን ከቁልፉ የማያነሣ ሰው የካሜራው መያዣ ሞልቶ፥ ዋናው ነገር በሚሆንበት ሰዓት ሲጠብቅ ይገኛል። ማታም አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ሥዕሎች ይታቀፋል። ስለዚህ አጭር አጭር እያደረጋችሁ አንሡ፤ በዚያው ዕለት መልካሟን አስቀርታችሁ የቀሩትን ደምስሱ። የደጋው ብርድም የባትሪን ኀይል ይቀንሳልና ትርፍ ባትሪ ከሰውነታችሁ ጠጋ አድርጋችሁ ያዙ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚቀድመውን ልናገር። ካህናቱን ሳታስፈቅዱ አታንሡ። ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት የበርስት ድምፅ እንደ ጠጠር ዝናም ስለሚረብሽ፥ ድምፁን አጥፉ ወይም ካሜራውን ወደ ከረጢቱ መልሱ። በዋሻው ውስጠኛ ክፍል ዐፅማቸው ያረፈው ሰዎችም ጸሎት የሚገባቸው እንጂ የትርኢት ዕቃ አይደሉም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ሁለቱን ምልክቶች ዛሬውኑ በቤታችሁ ፈልጋችሁ ሞክሩ፤ የመንገዱ ቀን የመማሪያ ቀን አይደለምና። እናታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉም ከተራራው ላይ እስክትወጡ አትጠብቁ። ሽንብራውን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ ዐሥሩን ሰከንድ አስጀምሩ፤ ሄዳችሁም ከጎናቸው ተቀመጡ።