ዘመድ ቤት ያደረ አይቆጠርም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጎረቤቶቻችን ቤት ነው። ጎረቤት ያልኩት ሚኒሶታን ከሁላችንም በፊት የሚያውቋትን ቺፕዋዎችን ነው። ቺፕዋ መንግሥት በውል ሰነዶቹ ላይ የጻፈው ስም ነው፤ ኦጂብዌም ይባላሉ፤ እነሱ ግን ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የጥንት ቤታቸው ዊግዋም ነው። ቀጫጭን እንጨት ተተክሎ፣ ጫፉ ጎብጦ ይታሰራል፤ በላዩ የበርች ዛፍ ልጣጭና ከሐይቅ ዳር ደንገል የተሠራ ሰሌን ይለብሳል። ሰሌኑን የሚሠሩት፣ ልጣጩን የሚሰፉት፣ ቤቱንም የሚያቆሙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በጸደይ ከሜፕል ዛፍ ስኳር ወደሚያወጡበት ጫካ፣ በሙቀቱ ወራት ወደ ዓሣውና ወደ እርሻው፣ ከዚያ የዱር ሩዝ ወደሚሰበስቡበት ሐይቅ፣ በበረዶው ወራት ወደ አደን ይሄዳሉ። ሲሄዱ እንጨቱን ትተው ልጣጩንና ሰሌኑን ጠቅልለው ይዘው ነው። የአፋር እናቶችን ቤት ያየች ሴት ነገሩ አይገርማትም።

ይህ ኑሮ የተናጋው መሬቱ ሲነካ ነው። በ1889 የወጣው የኔልሰን ሕግ የጋራ መሬታቸው ለየግለሰቡ እንዲሸነሸን አዘዘ። በ1867 የተመሠረተው የኋይት ኧርዝ ክልል ተሸነሸነ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው መሬት በእንጨት ነጋዴዎችና በሌሎች ሰዎች እጅ ገባ። በ1938 ሲስተር ኢኔዝ ሂልገር የተባሉ መነኩሲት በዚያው ክልል የ150 ቤተሰቦችን ኑሮ ሲያጠኑ፣ ብዙዎቹን ያገኟቸው ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በለበሱ ደሳሳ ቤቶች ውስጥ ነው።

ከሚኒያፖሊስ በመኪና አራት አምስት ሰዓት ወደ ሰሜን የሚገኘው ሬድ ሌክ ግን መሬቴ አይሸነሸንም አለ። መሬቱ እስከ ዛሬ የጋራ ነው። ይህም የራሱ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለውን መሬት ባንክ በመያዣነት ወስዶ ሊሸጠው ስለማይችል፣ በላዩ ለሚሠራ ቤት ለማበደር ያመነታል። በ1992 መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር ዋስ የሚሆንበት ፕሮግራም መጣ፤ በ1996 የወጣ ሕግም የቤት በጀቱን ጎሳዎቹ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። ሆኖም ቤት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መብራቱ፣ መንገዱ ጫካ ድረስ መድረስ አለበት። መሬቱ የተሸነሸነበት መሬቱን አጣ፤ መሬቱን ያቆየ ደግሞ ብድር ቸገረው።

ታዲያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ቤት ያጣ የት ያድራል? ዘመድ ቤት ነዋ። አያት፣ አክስት፣ እህት በሯን ትከፍታለች። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በ2017 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ በመላ አገሪቱ በጎሳ አካባቢዎች ከሚኖሩ ከ100 የነባር ሕዝብ ቤተሰቦች 16ቱ ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ በአጠቃላይ በአገሪቱ ግን ከ100 ሁለቱ ብቻ ናቸው። በየዓመቱ ጥር ላይ በሚደረገው የቤት አልባዎች ቆጠራ ደግሞ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ያደረ ሰው አይገባም። ስለዚህ ሕዝቡ ደግ በሆነ ቁጥር ችግሩ ትንሽ መስሎ ይታያል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ወደ ከተማ እንዲገቡ ሲገፋፋቸው ብዙዎቹ ሚኒያፖሊስ መጡ፤ እዚህም ቤት ቸገራቸው። በ1973 የተቋቋመውና 212 ቤቶች ያሉት ሊትል ኧርዝ ለነባር ሕዝቦች ቅድሚያ የሚሰጥ ሰፈር ነው። ብዙ አበሾች ከሚኖሩበት ከሴዳር ሪቨርሳይድም ብዙ አይርቅም።

እህቶቼ፣ ይህን ያነሳሁት የእኛንም ቤት ስለሚመለከት ነው። ከአገር ቤት የመጣች እህት "እስክትቋቋም" ተብላ ትገባለች። ዓመት ይሞላል፤ ሳሎኑ መኝታ ቤት ይሆናል። የኪራይ ውሉ ላይ ስሟ የለም። ያስጠጋቻትም ሴት "ከበደኝ" ማለት ነውር ይሆንባታል። እንግዳ እንላታለን እንጂ ቤት የላትም አንልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ቤትሽ ውስጥ ስንት ሰው ያድራል? የኪራይ ውሉ ላይ ስምሽ አለ? ሁለተኛ፣ ለጋሾቻችን፣ እርዳታችሁ መጠለያ ለገባች ብቻ ሳይሆን ሰው ላስጠጋች ሴትም ይድረስ። ፍራሽ ሊሆን ይችላል፤ የመብራት ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ ራሷን ችላ ለምትወጣው ደግሞ የመጀመሪያ ወር ኪራይና ዲፖዚት።

ዘመድ ማስጠጋታችንን አንተውም፤ ነገር ግን ደግነታችን ችግራችንን አይሸፍንብን።